የወራሪ ልጅ ወራሪ ነውን?

አንድ ሕዝብ የሌላውን አገር በኀይል ገብቶ ቢዘርፍ ግፍ መሆኑን የሚክድ ሰው የለም። ክርክሩ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ዘራፊው ሰይፉን ሰቅሎ ሞፈር ቀንበር ያነሣ፣ ከአገሬው ሰው ተጋብቶ ልጅ የወለደ፣ ልጁም ከተወለደበት መንደር በቀር ሌላ አገር የማያውቅ በሆነ ጊዜ፣ ያን ልጅ ማን እንበለው? ነቢዩ ሕዝቅኤል ልጅ በአባቱ ኀጢአት አይጠየቅም ብሎ ካስተማረ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ሆኖም መንግሥታት በፍርሃት ጊዜ ይህን ትምህርት ሲዘነጉት እናያለን። ከሺህ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር የሆነው ነገር ለዚህ ምስክር ስለሆነ፣ እርሱን ይዘን ጥያቄውን እንመርምር። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ793 ዓ.ም. ቫይኪንግ የሚባሉት የሰሜን መርከበኞች በሊንዲስፋርን ደሴት ወርደው ገዳሙን መዘበሩ፤ ከመነኮሳቱም ከፊሉን ገደሉ፣ ከፊሉን ማርከው ሄዱ። በዚያ ወራት በፍራንኮች ንጉሥ በሻርልማኝ ዘንድ ይኖር የነበረው እንግሊዛዊው ሊቅ አልኩዊን ወሬውን ሰምቶ እጅግ አዘነ፤ በጻፈውም ደብዳቤ ወገኖቹ በዚያች ምድር ወደ 350 ዓመት ሲኖሩ እንዲህ ያለ መዓት አለማየታቸውን ገለጸ። በዚህ ቁጥር ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባል። 350 ዓመት ብሎ የሚቆጥር ሕዝብ የመጣበትን ጊዜ ያውቃል ማለት ነውና። አንግሎችና ሳክሶኖችም በመርከብ ተሻግረው የመጡ ናቸው፤ መሬቱንም ከብሪቶኖች እጅ በጦር እንደ ወሰዱት የገዛ ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። እንግዲህ ሰውን ባለአገር የሚያሰኘው የዘመን ብዛት ከሆነ ስንት ዓመት ይበቃል? 350 ይበቃል ካልን፣ 100ስ?

በ865 የመጣው ታላቁ የዴኖች ጦር ዘርፎ የሚመለስ አልነበረም። በ876 አለቃቸው ሃልፍዳን የኖርዘምብሪያን መሬት ለሰዎቹ አካፈለ፤ እነርሱም ማረስና ራሳቸውን መቻል ጀመሩ። በ878 የዌሴክስ ንጉሥ አልፍሬድ ጉትረም የሚባለውን የዴኖች መሪ በኤዲንግተን ድል ነሣው። ድል ከነሣውም በኋላ አልገደለውም፤ የክርስትና አባት ሆኖ አስጠመቀው እንጂ። ኋላም ሁለቱ ባደረጉት ውል ወሰናቸውን ለይተው ስለ ደም ዋጋ ደነገጉ። ማዕርግ ያለው ሰው ቢገደል፣ ሟቹ እንግሊዝም ሆነ ዴን፣ ካሣው እኩል ስምንት ግማሽ ማርክ ንጹሕ ወርቅ ይሁን ተባለ። ለዝቅተኛውም ክፍል በሁለቱም ወገን እኩል 200 ሽልንግ ተመደበለት። ሰው በማዕርግ ቢበላለጥም በዘር አይበላለጥም ማለት ነው። የማዕርጉን ነገር ዛሬ የምንቀበለው አይደለም። አልፍሬድ ይህን ያደረገው ሁሉን ማባረር ስላልቻለ እንጂ ከቸርነት አይደለም የሚል ቢኖርም አንከራከረውም፤ ብዙ መልካም ሕግ ከችግር የተወለደ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የጎረቤትነት ሥራ ነው፤ እርሱም እንደ ጦርነት ድምፅ ስለሌለው ጸሐፊ አላገኘም። ምልክቱ ግን በሰው አፍ ቀርቷል። ደርቢ፣ ዊትቢ፣ ግሪምዝቢ በሚባሉት ስሞች መጨረሻ ላይ ያለው «ቢ» በዴኖች ቋንቋ መንደር ማለት ነው። እንግሊዞች ሕግን የሚጠሩበት «ሎው» የሚለው ቃልም የመጣው ሕግ የላቸውም ከተባሉት ከነዚህ ሰዎች ነው። ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚያስደንቀን ግን «ዘይ» የሚለው ነው፤ ትርጓሜው «እነርሱ» ነው። እንግሊዝ ባዕዱን ከራሱ ለይቶ «እነርሱ» የሚልበትን ቃል እንኳ የተዋሰው ከዚያው ከባዕዱ ነው። በ10ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ኦዳም አባቱ ከታላቁ ጦር ጋራ የመጣ ዴን እንደ ነበረ ተጽፏል።

ከ980 ወዲህ ከባሕር ማዶ አዲስ መርከብ ይመጣ ጀመር። ንጉሥ ኤዘልሬድ ሰላምን በገንዘብ ገዛ፤ በ991 ዓ.ም. 10,000 ፓውንድ፣ በ994 16,000፣ በ1002 24,000 ተከፈለ። በ1001 ደግሞ ፓሊግ የሚባል ዴን፣ ለንጉሡ ታማኝነቱን አረጋግጦ ርስትና ወርቅ ከተቀበለ በኋላ፣ ከድቶ ከወራሪዎቹ ጋራ ተቀላቀለ። ስለዚህ የንጉሡ ሥጋት ከንቱ አልነበረም፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ ፍርደ ገምድል እንሆናለን። ንጉሡም ዴኖች ሊገድሉህ መክረዋል የሚል ወሬ በደረሰው ጊዜ፣ በእንግሊዝ ያሉ የዴን ወንዶች ሁሉ ኖቬምበር 13 ቀን 1002 እንዲገደሉ አዘዘ። በሰሜንና በምሥራቅ የዴን ዘር እጅግ ብዙ ስለነበረ ትእዛዙ በየቦታው ሊፈጸም እንዳልቻለ የታሪክ ሊቃውንት ያስረዳሉ። በኦክስፎርድ ግን ተፈጸመ። በዚያች ከተማ የነበሩት ዴኖች ሸሽተው የቅድስት ፍሪድስዊድን ቤተ ክርስቲያን በር ሰብረው ገቡ፤ ሕዝቡም ሊያስወጣቸው ባልቻለ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑን አቃጠለው። ይህን የነገረን የዴኖች ወዳጅ አይደለም፤ ኤዘልሬድ ራሱ ነው። በ1004 ለተቃጠለው ቤተ ክርስቲያን የርስቱን ደብዳቤ ሲያድስ ነገሩን ተረከው፤ ዴኖቹን በስንዴ መካከል በበቀለ እንክርዳድ መሰላቸው፤ መጥፋታቸውንም ፍጹም ትክክለኛ ፍርድ አለው።

የእንክርዳዱን ምሳሌ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። በወንጌሉ አገልጋዮቹ እንንቀለው ቢሉ፣ ባለእርሻው ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል እስከ መከር ተዉት ብሎ ከለከላቸው። ንጉሡ ምሳሌውን ወሰደ፤ ትእዛዙን ተወ። በዙሪያው ጳጳሳትና ሊቃውንት ነበሩና ባለማወቅ ነው ለማለት ያስቸግራል። ፓሊግን በክሕደቱ መቅጣት ፍርድ ነው፤ ፓሊግ ስለ ከዳ የኦክስፎርዱን ሰው ማቃጠል ግን ከፍርድ የሚቆጠር አይመስለንም።

በ2008 በዚያችው ከተማ በቅዱስ ዮሐንስ ኮሌጅ ግቢ ሲቆፈር ከ30 የሚበልጡ ወንዶች አጽም ተገኘ። አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ፤ አጥንታቸው በስለት የተመታ፣ አንዳንዱም እሳት የነካው ነው። የዚያ ቀን ሟቾች ናቸው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ የተማረኩ ወራሪዎች ይሆናሉ የሚሉም አሉ። በዛሬ መሣሪያ ተመርምሮ ጎረቤት ይሁን ወራሪ በርግጥ ያልተለየውን፣ በአንድ ቀን ለይተናል ያሉት ሰዎች በምን ዐይን ለዩት?

ግድያው መርከቦቹን አላስቀረም። በ1013 የዴንማርክ ንጉሥ ስዌን ሲመጣ አስቀድመው የገቡለት የዴን ዘር የበዛባቸው የሰሜን አውራጃዎች ነበሩ፤ ኤዘልሬድም ወደ ኖርማንዲ ተሰደደ። በ1016 የስዌን ልጅ ክኑት ነገሠ፤ በ1018 ከአገሩ 72,000 ፓውንድ፣ ከለንደን ደግሞ 10,500 ተቀብሎ አብዛኛውን ሠራዊት ወደ ዴንማርክ መለሰ። በዚያው ዓመት ዴኖችና እንግሊዞች ተሰብስበው በንጉሥ ኤድጋር ሕግ ለመተዳደር ተስማሙ። ኤድጋር የኤዘልሬድ አባት ነው፤ በዘመኑም ዴኖች በገዛ ሕጋቸው እንዲኖሩ ፈቅዶላቸው ነበር። የተሰበሰቡባትም ከተማ ኦክስፎርድ ናት።