አልፈለገም ወይስ አልቻለም?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህች አጭር ጽሑፍ ስለ ቅጣት ልናገር እወዳለሁ። የምናገረውም እንደ መምህር ሳይሆን በደሉን እንደሚናዘዝ ሰው ሆኜ ነው።

በሕፃናት ክፍል ሥርዓት አስከባሪ ሆኜ ሳገለግል አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረ። መዝሙር ስናጠና ጓደኞቹን እየገፋ ወደ ከበሮው ይጠጋል። ስሙን ብጠራው ዘወር አይልም። «ይህ ልጅ ንቆኛል» አልሁና ከኋላ፣ በበሩ አጠገብ አንበረከክሁት። ሦስት እሑድ እንዲሁ አደረግሁ። በአራተኛው እናቱ መጥታ «ልጄ ጆሮው በደንብ አይሰማም፤ እባክህ ከፊት አስቀምጥልኝ» አለችኝ። ለካስ ጓደኞቹን ይገፋ የነበረው የከበሮው ምት በደረቱ እንዲሰማው፣ የመሪውንም አፍ እንዲያይ ኖሯል። እኔም ሥርዓት አስከበርሁ ብዬ ሊማርበት ከሚችለው ቦታ አባረርሁት።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 በዕውር ፊት ዕንቅፋት ማኖር ተከልክሏል። እኔ ያኖርሁት ዕንቅፋት ያ የበር ሥር ነበር። ጌታችን ግን፣ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 እንደምናነበው፣ መስማት የተሳነውን ሰው ከሕዝቡ ለይቶ ወሰደው፤ ጆሮውንና ምላሱን ዳሰሰ፤ ወደ ሰማይም አሻቅቦ አየ። በቃሉ ብቻ መፈወስ ሲችል፣ ሰውዬው በዐይኑ አይቶ በሚረዳው መንገድ ቀረበው።

«እንግዲያስ አካል ጉዳተኛ ልጅ አይገሠጽም ማለት ነውን?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ሙሴ አንደበቴ ከባድ ነው እያለ እንቢ ባለ ጊዜ እግዚአብሔር ተቆጥቶታል፤ ተልእኮውንም አልተወለትም። ነገር ግን አሮንን አፍ እንዲሆነው ሰጠው። ተግሣጹና እርዳታው አብረው ሄዱ። ያ ልጅም ከፊት ከተቀመጠ በኋላ ጓደኛውን በመታ ጊዜ እንደ ሌሎቹ ተገሥጾ ይቅርታ ጠይቋል፤ ያን ጊዜ ግን የተገሠጸበትን ምክንያት ያውቅ ነበር።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ስንተርክ እንደ ትሏ ትጉ እንላለን፤ መልካም ነው። ሆኖም ትምህርት አልገባው ሲል መምህሩ ጌዴዎን እንደ ገረፈው፣ ግርፋቱም አስኮብልሎት እንደ ነበር አንርሳ። ሲመለስም መምህሩ ተቀብሎ አስተምሮታል።

በቀለም ትምህርት ቤትም ነገሩ ይኸው ነው። ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ሰነፍ ይባላል፤ ረግቶ መቀመጥ የማይችለው ባለጌ ይባላል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። በአሜሪካም ልዩ ድጋፍ የሚያገኝ ተማሪ በጥፋቱ ከ10 ተከታታይ የትምህርት ቀናት በላይ ከመታገዱ በፊት፣ ትምህርት ቤቱና ወላጆቹ ተቀምጠው ጥፋቱ ከጉዳቱ የመጣ መሆን አለመሆኑን እንዲመረምሩ ሕጉ ያዝዛል። የዓለም ሕግ መርምር ካለ፣ ፍቅርን የምንሰብክ እኛማ እንዴት አንመረምር?

ስለዚህ እጃችንን ከማንሣታችን በፊት እንጠይቅ፤ ሰምቶኛልን? አይቶኛልን? የነገርሁት ገብቶታልን? የማይሰማውን ከፊት እናስቀምጥ፤ ፊታችንን ወደ እርሱ መልሰን እንናገር፤ የማያየውን በቃል እናስጠና፤ ቶሎ የማይገባውን ደጋግመን እናስረዳ። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነውና።

ያን ልጅ ይቅርታ ስጠይቀው ከኀፍረት የተነሣ አንገቴን ደፍቼ ነበርና አልሰማኝም። ቀና ብዬ፣ አፌን እያየ፣ ደገምሁለት። እርሱም ፈገግ ብሎ ወደ ከበሮው ሄደ።

አምላካችን የሚያስተውል ልቡና ያድለን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።