የተነቀለ እሾህ

በመልካ ወረር ብስክሌት ለሚነዳ ዳገት አያስቸግረውም፤ አገሩ ሜዳ ነው። የሚፈትነው ሐሩሩና እሾሁ ነው። የለመደ ሰው በማለዳ ይወጣል፤ ራሱን በፎጣ ይሸፍናል፤ ሰንሰለት እንዳይበላው የሱሪውን እግር ይጠቀልላል፤ ማስቲሽና የጎማ ቁራጭ ይይዛል።

አንድ ጠዋት ጎማዬ ተነፈሰ። የወጋው የፕሮሶፒስ እሾህ ነበር። ነቀልኩትና በንዴት መንገዱ ላይ ልወረውረው ስል እጄ ቆመ።

ይህ ዛፍ ከላቲን አሜሪካ የመጣ ነው። በ1970ዎቹ በመካከለኛው አዋሽ ሲተከል ዓላማው በረሃማነትን መግታት ነበር። ከብቱና ፍየሉ ፍሬውን እየበላ ዘሩን በየደረሰበት በተነው፤ ዛፉም የግጦሹን መሬት ወረሰ። አፋሮች «የደርግ ዛፍ» አሉት።

ለመሆኑ በደግ ሐሳብ ለተተከለ እሾህ ተጠያቂው ማነው? ተካዩ እንዳንል ክፉ አላሰበም፤ ፍየሏ እንዳንል የበላችው ርቧት ነው። በዚህ ስንሟገት እሾሁ ከመንገዱ አይነሳም።

እኔ ዛፉን አልተከልኩም። ነገር ግን የነቀልኩትን እሾህ እያወቅሁ መልሼ ብጥለው፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያውም ደግ ሐሳብ እንኳ የሌለበት። ከኋላዬ በሸበጥ ፍየል የሚነዳ ልጅ ይመጣል።

እሾሁን በወረቀት ጠቅልዬ ከማስቲሹ ጋር ቦርሳዬ ከተትኩት። ሌላው ያጠፋውን ማንሳት ትሩፋት ነው ይባል ይሆናል፤ እጅ የገባውን አለመመለስ ግን ግዴታ ነው።