እንግዳ በደራሲ ቤት

እንግዳ ወደ ሰው ቤት በገባ ጊዜ መስኮት ከፍቶ ብርሃን ቢያስገባ ይመሰገናል፤ ምሰሶውን ቢነቅል ግን ቤት አፍራሽ ይባላል። በሌላ ሰው ድርሰት ላይ የሚሠራ የቴአትር አዘጋጅም ነገሩ እንደዚሁ ነው። ታዲያ ፈቃዱ እስከ ወዴት ይደርሳል?

የሩስያው ደራሲ አንቶን ቼኮፍ «የቼሪ አትክልት» የተባለውን ድርሰቱን የሚያሥቅ ጨዋታ ብሎ ጻፈው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1904 ዓመት በሞስኮ ሲጫወቱት ግን አዘጋጁ ስታኒስላቭስኪ የሚያስለቅስ አደረገው፤ ደራሲውም በዚህ ነገር አዘነ፤ በዚያው ዓመትም ሞተ። እንግዲህ ደራሲው በሕይወት ሳለ፣ በገዛ አገሩና በገዛ ቋንቋው እንኳ ምሥጢሩ ተለወጠበት። ስለዚህ ቃልን መጠበቅ ብቻውን ታማኝነት አይደለም።

ከ73 ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ አንድሬይ ሸርባን የሚባል የሮማንያ ተወላጅ ይህንኑ ድርሰት በኒውዮርክ ከተማ፣ በሊንከን ሴንተር እንዲያሳይ ተጠራ። እርሱም የቤቱን ግድግዳ ትቶ መድረኩን ነጭ አለበሰው፤ ዛፎቹን ከበስተኋላ ገልጦ አሳየ፤ ሣቁንም መለሰለት። ደግሞ ገበሬዎች ማረሻ እየጐተቱ በመድረኩ ላይ ሲያልፉ አሳየ። እኩሌቶቹ አመሰገኑት፤ እኩሌቶቹም በድርሰቱ ላይ ያሻውን አደረገ ብለው ነቀፉት።

ዳሩ ግን በድርሰቱ ውስጥ ትሮፊሞፍ የሚባለው ተማሪ ለባለ ርስቲቱ ልጅ ለአንያ፣ አያቶቿ ሰውን እንደ ገንዘብ ይገዙ እንደ ነበረ ይነግራታል። ከመሬት ጋራ ተቈራኝቶ ይሸጥ የነበረው የሩስያ ጭሰኛ በአዋጅ ነፃ የወጣው በ1861 ነውና፣ ነገሩ ከልብ ገና አልጠፋም ነበር። እንግዲያስ ማረሻው በጽሑፉ ባይገኝም ከጽሑፉ የበቀለ ነው። የመጻሕፍት መምህርም አስቀድሞ ንባቡን ያደርሳል፤ ኋላም አንድም እያለ ምሥጢሩን ያሰፋል፤ አንድም ማለቱ ግን ንባቡን ለመፋቅ አይደለም።

ወሰኑ ግን በድርሰቱ መጨረሻ ይታወቃል። አትክልቱ ተሸጦ ጌቶቹ ሁሉ ተሳፍረው ሲሄዱ፣ ሽማግሌው አሽከር ፊርስ በተቈለፈው ቤት ውስጥ ተረስቶ ይቀራል። አዘጋጅ መድረኩን እንደ ወደደ ቢያስጌጥ፣ ሣቁንም ቢያበዛ፣ ደራሲውን አልበደለም። የዚህን ሽማግሌ መረሳት በሣቅና በጌጥ ቢሸፍነው ግን ምሰሶውን ነቀለ፤ ተመልካቹንም ከረሱት ጌቶች ጋራ አስቈጠረው።

ስለዚህ በሰው ድርሰት ላይ የሚሠራ ሁሉ የራሱን ጥበብ ከማሳየቱ በፊት፣ ደራሲው ለማን እንዳዘነ ለይቶ ሊያውቅ ይገባዋል።