ጥቂት የቀረው ሰውና ትዕግሥት

ትዕግሥት በጎ ጠባይ መሆኑን የሚክድ የለም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ብሂል ሳይሰማ ያደገ ልጅም አይገኝም። ይሁን እንጂ መጠበቅ ራሱ ዋጋ የሚያስከፍልበት፣ ታጋሹም በእጁ የቀረው ጥቂት የሆነበት ጊዜ ሲመጣ ትዕግሥት እስከ ምን ድረስ ትዕግሥት ነው? ከየትስ ጀምሮ ፍርሃት ይሆናል? ይህን ጥያቄ እንደ ፖከር ውድድር በቁጥር ገላልጦ የሚያሳይ መድረክ ጥቂት ነው። ቁማር ስንት ቤት እንዳፈረሰ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ከማይወደድ ስፍራም ቢሆን የሚጤን ነገር አይጠፋም።

በውድድሩ ሁሉም እኩል ቺፕ ይዞ ይጀምራል፤ ያለቀበት ከወንበሩ ይነሣል። በእያንዳንዱ እደላ ሁለት ተጫዋቾች በየተራቸው የግዴታ ውርርድ ያስይዛሉ፤ ውርርዱም በየጊዜው ያድጋል። እንግዲህ 6,000 ቺፕ የቀረው ተጫዋች አለ እንበል፤ የግዴታው ውርርድ 500ና 1,000 ነው። መልካም ካርታ እስኪመጣለት አንድ ዙር ዝም ብሎ ቢቀመጥ 1,500 ይሄድበታል፤ ሁለት ዙር ቢቀመጥ ግማሹ የለም።

ከቺፑ ይልቅ የሚያስቆጨው ግን አብሮ የሚጠፋው ኃይል ነው። 6,000ውን በሙሉ ወደ መሐል የገፋ ሰው ሁለት የማሸነፊያ መንገድ አለው፤ ወይ ካርታው ይበልጣል፣ ወይ ባላንጣው ፈርቶ ይጥላል። 1,000 አስቀድሞ ያስያዘው ባላንጣ ለመግጠም 5,000 መጨመር አለበት፤ የሚጠብቀውም 7,500 ነውና ያመነታል። ያው ሰው 3,000 እስኪቀረው ቆይቶ ቢገፋ ግን ባላንጣው 2,000 ብቻ ጨምሮ 4,500 ሊያገኝ ስለሚችል በደካማ ካርታም ቢሆን አይሸሽም። ጠባቂው ራሱን ጠንቃቃ ነኝ ሲል ሁለተኛው መንገድ ከእጁ ወጥቷል፤ የወጣበትንም ሰዓት አላወቀውም።

እ.ኤ.አ. በ1982 በላስ ቬጋስ በተካሄደው የፖከር የዓለም ውድድር ጃክ ስትራውስ የተባለው አሜሪካዊ ቺፑን ሁሉ ገፍቶ ተሸነፈ፤ ሊነሣ ሲል ከናፕኪን ሥር አንዲት ባለ 500 ቺፕ አገኘ ይባላል። «ሁሉንም» ብሎ በአፉ ስላልተናገረ እንዲቀጥል ተፈቀደለት፤ በመጨረሻም አሸናፊ ሆነ። ከዚህ ተነሥቶ አንድ ቺፕና አንድ ወንበር ለተስፋ ይበቃል የሚል አባባል በተጫዋቾች ዘንድ ጸንቷል። ነገር ግን ቺፒቱን ያተረፋት ትዕግሥት አይደለም፤ ናፕኪን ነው። ለምስጋና የሚበቃው በአንዲት ቺፕ የሠራው ነው እንጂ መትረፉ አይደለም።

በሌላ በኩል መቸኮልም ሁልጊዜ ጀግንነት አይደለም። በዚያው ውድድር 104 ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው 10,000 ዶላር ከፍለው ገብተው ነበር፤ ስትራውስ ቺፑን ሁሉ ሰብስቦ የወሰደው ሽልማት 520,000 ዶላር፣ ማለት የመዋጮው እኩሌታ ነው። ቀሪው ዘግይተው ለወደቁት ተከፋፈለ። ስለዚህ ሽልማት ሲቃረብ ጎረቤቱ ከእርሱ ያነሰ ቺፕ ያለው ሰው ቢታገሥ ሒሳቡ ይፈርድለታል።

የዚህ ትዕግሥት ቀለብ ግን የሌላው መውደቅ ነው። ደንብ አልጣሰም፤ ማንንም አልገፋም፤ ዓይኑ ግን ከጎረቤቱ ቺፕ አይነሣም። ጎረቤቱም እንዲሁ ያየዋል። ሁለቱ ጥቂት የቀራቸው ሰዎች አንዱ የሌላውን ውድቀት ሲጠባበቁ፣ በመካከላቸው የተቀመጠው ባለ ብዙ ቺፕ ካርታውን እንኳ በቅጡ ሳያይ ከሁለቱም ይሰበስባል።