ሬሳ የሌለው ሐዘን

ሰው ሲሞትብን ማዘንና ማስተዛዘን እናውቅበታለን። ድንኳን ይተከላል፤ ዕድርተኛ ይሰበሰባል፤ ሐዘንተኛዋን «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» የሚላት አይጠፋም። በማኅፀን በር ካንሰር ምክንያት ማኅፀኗ የወጣላት ሴትስ? ከሆስፒታል ስትመለስ ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን እግዜር ማረሽ» ይላታል። መልካም ቃል ነው። «ነፍስሽ ተርፏል፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?» የሚለው ተከታዩ ግን አፍ መዝጊያ ነው።

ለመሆኑ የተረፈ ሰው ማዘን አይገባውምን?

ይህ በሽታ በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው። ቀዶ ጥገናው ደግሞ በሽታውን ብቻ ይዞ አይሄድም። ማኅፀኗ የወጣላት ሴት ከእንግዲህ አታረግዝም። ዕንቁላል አመንጪ ዕጢዎቿም አብረው ከወጡ፣ ሌሎች ሴቶች ሃምሳ ዓመት ገደማ ቀስ በቀስ የሚደርሱበት ማረጥ በሠላሳ ዓመቷም ቢሆን ድንገት ይመጣባታል፤ ሙቀቱ፣ ላቡ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ይከተላል። ባሏ «ያማት ይሆን?» ብሎ ይርቃታል፤ እርሷ «ጠላኝ» ብላ ትተረጉመዋለች። ሐኪም እንዳይጠይቁ ነውር ይመስላቸዋል።

በዚህ ላይ ሐሜት አለ፤ «ምን ሠርታ አገኛት?» ይባላል። ሃራልድ ሱር ሃውዘን የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ2008 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው የዚህ ካንሰር መንስኤ ሂዩማን ፓፒሎማ የተሰኘው ቫይረስ መሆኑን በማሳየቱ ነው። ቫይረሱ የግብረ ሥጋ ግንኙነት የጀመረ አብዛኛው ሰው በዕድሜው የሚያገኘው ነው። ከባሏ በቀር ወንድ የማታውቅ ሚስትም ሊይዛት ይችላል። እንግዲህ በሽታው የኃጢአት ደመወዝ አይደለም።

«ሐዘኗ ፈጣሪን ማማረር ነው» የሚሉም አሉ። ታዲያ ከጦር ሜዳ አንድ እግሩን አጥቶ የተመለሰን ወታደር «ነፍስህ ተርፎ ስለ እግር ታዝናለህ?» እንለዋለን? አንለውም፤ ጉድለቱ ይታየናላ! የእርሷ ግን በቀሚስ የተሸፈነ ነው። ምስጋናና ሐዘን በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ያድራሉ።

«ወላድ በድባብ ትሂድ» የምንል ሰዎች ነን። ወላድን ማክበራችን ደግ ነው። የሴትን ክብር ከማኅፀኗ ጋር ብቻ ካሰርነው ግን ማኅፀኗ ሲወጣ ክብሯም አብሮ የወጣ ይመስላታል።

ከእኛ የሚፈለገው ድንኳን አይደለም። «እንኳን ተረፍሽ» ካልን በኋላ ቆየት ብለን «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብንላት፣ ስታለቅስም ሳናቋርጥ ብንሰማት ይበቃል።