ስም ያላት እናት፦ ስለ ሰው ሕዋሳትና ስለ ሰው ክብር



ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ በምዕራፍ 5፣ ደም እየፈሰሳት 12 ዓመት ስለ ኖረች ሴት ይተርክልናል። በሕዝቡ መካከል ተሰውራ የጌታን ልብስ ዳሰሰች፤ ወዲያውም ተፈወሰች። ጌታችን ግን ፈውሱ ከተፈጸመ በኋላ መንገዱን አልቀጠለም፤ ቆሞ የዳሰሰው ማን እንደ ሆነ ጠየቀ። ደቀ መዛሙርቱ በጥያቄው ተገረሙ። እርሱ ግን ያቺን ሴት ከብዙ ሕዝብ መካከል ለይቶ ሊያያት፣ ታሪኳን ሊሰማትና ልጁ ብሎ ሊጠራት ወደደ። በእግዚአብሔር ዘንድ ሰው መፈወስ ብቻ ሳይሆን መታወቅም ይገባዋል።

ይህን ወንጌል በልባችን ይዘን፣ በዘመናችን የሕክምና ምርምር ውስጥ ወደ ተፈጸመ አንድ ታሪክ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1951 ሄንሪየታ ላክስ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት፣ የአምስት ልጆች እናት፣ እርሷም ደም እየፈሰሳት በባልቲሞር ከተማ ወደሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሄደች። ሕመሟ የማኅፀን በር ነቀርሳ ነበረ። ሐኪሞቹ ከዕጢዋ ጥቂት ቈርጠው ለምርምር ወሰዱ፤ ፈቃዷን ግን አልጠየቁም። በዚያው ዓመት በ31 ዓመት ዕድሜዋ ዐረፈች።

ሕዋሳቷ ግን አልሞቱም። ቀድሞ ከሰው የተወሰዱ ሕዋሳት በቤተ ሙከራ ዕቃ ውስጥ ብዙ ሳይቈዩ ይሞቱ ነበር፤ የእርሷ ግን በሚመግባቸው ፈሳሽ ውስጥ በየቀኑ ያህል እጥፍ እየሆኑ በዙ። ከስሟና ከቤተሰብ ስሟ መነሻ ፊደላት ተወስዶ «ሂላ» ተባሉ፤ በ1950ዎቹም የፖሊዮ ክትባት ሲፈተን ታላቅ አገልግሎት ሰጡ።

የእንዲህ ያሉ ሕዋሳት ጥቅም ምንድን ነው? ተመራማሪው በሕያው ሰው ላይ ሊያደርገው የማይገባውን በእነርሱ ላይ ያደርጋል። ሕዋሱን በቫይረስ ያስይዛል፤ ከዚያም ጂን ከሚባሉት የውርስ ትእዛዛት የትኞቹ እንደ ነቁ፣ የትኞቹስ ዝም እንዳሉ ይመረምራል። በዚህ መንገድ የታወቀው ነገር ያስደንቃል፤ በቫይረስ የተያዘ ሕዋስ ኢንተርፌሮን የሚባል ንጥረ ነገር አውጥቶ አጠገቡ ያሉትን ያስጠነቅቃል። እነርሱም ቫይረሱ ሳይደርስባቸው በመቶ የሚቈጠሩ የመከላከያ ጂኖቻቸውን ያነቃሉ። ራሱ የማይተርፈው ሕዋስ እንኳ ለጎረቤቱ ይተርፋል!

የሄንሪየታ ሕዋሳት ራሳቸውም ምስጢር ይዘው ነበር። በ1980ዎቹ ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ፁር ሃውዘንና ባልደረቦቹ፣ ሂዩማን ፓፒሎማ የተባለውን ቫይረስ 18ኛ ዓይነት በውስጣቸው አገኙ። የዚህ ቫይረስ ሁለት ጂኖች፣ ሕዋስ ያለ ልክ እንዳይበዛ የሚጠብቁትን ዘበኞች ያሰናክላሉ፤ ነቀርሳውም ከዚያ ይነሣል። ሐኪሙ ቫይረሱ የማኅፀን በር ነቀርሳን እንደሚያመጣ በማሳየቱ በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ክትባቱ ከ2006 ጀምሮ በዓለም መሰጠት ጀመረ፤ በአገራችንም በ2018 የ14 ዓመት ልጃገረዶችን በመከተብ ተጀመረ። ያቺን እናት የገደለው ደዌ ሴቶች ልጆቻችንን እንዳይገድል ጋሻ ተገኘ።

ነገር ግን የሄንሪየታ ቤተሰብ ስለ ሕዋሳቱ የሰማው እርሷ ካረፈች ከ20 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነበር። ስሟ እንኳ ለብዙ ዘመን «ሔለን ሌን» እየተባለ በስሕተት ይነገር ነበር። በ2013 የዘር ውርሷ መረጃ የቤተሰቧ ፈቃድ ሳይጠየቅ ለሕዝብ ወጣ። በዚያው ዓመት ከአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ጋር በተደረገ ስምምነት፣ መረጃውን ለመጠቀም የሚቀርቡትን ጥያቄዎች በሚመረምረው ጉባኤ ውስጥ የቤተሰቡ አባላት ተቀመጡ። ዘግይቶም ቢሆን መልካም ሆነ።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ቤተ ክርስቲያን ምርምርን አትነቅፍም፤ ድውያንን ለመፈወስ የሚደክም አእምሮ የፈጣሪ ስጦታ ነውና። ሆኖም ሰው በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል ስለ ተፈጠረ፣ ለሌላው ጥቅም እንኳ ቢሆን መሣሪያ ብቻ ሊሆን አይገባውም። መልካም ፍሬ መገኘቱ ሳይጠይቁ መውሰድን ቅን አያደርገውም። ያቺ እናት ብትጠየቅ ኖሮ ምናልባት ደስ ብሏት በሰጠች ነበር፤ ባለመጠየቋ ግን የመስጠትን በረከት ተነፈገች። ስጦታ ሊሆን ይችል የነበረው ነገር እንዲሁ የተወሰደ ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ በመካከላችን ያላችሁ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ደሀውንና ያልተማረውን በሚገባው ቋንቋ አስረድታችሁ ፈቃዱን ጠይቁ። ሕመምተኞችም ለምን እንደሚመረመሩ መጠየቅ ድፍረት አይምሰላቸው። መምህራን ሆይ፣ ስለ ሰው ክብር ስታስተምሩ ይህን ታሪክ ለወጣቶቻችን ንገሩ። ወላጆችም ልጃገረዶቻችሁን ለክትባት ስትወስዱ ሄንሪየታን በስሟ አስቧት። እኛም በቅዳሴ ሙታንን በምናስብበት ሰዓት ከእነርሱ ጋር እናስባት፤ በሰው ዘንድ ስሟ ቢዘነጋም በእግዚአብሔር ዘንድ አልተዘነጋምና።

በሕዝብ መካከል የዳሰሰችውን ሴት ፈልጎ ያገኛት ጌታ፣ እያንዳንዱን ሰው በስሙ የምናውቅበትን ልብ ይስጠን። አሜን።