የሚያውቁትን ያህል

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲፈርስ፣ ከጊዮርጊስ ወደ አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በሚወስደው መንገድ ዳር ዙሪያውን በረንዳ ያለው አንድ አሮጌ ቤት አብሮ ፈረሰ እንበል። የቤቱ ልጅ ቀያሽ ነው። ታሊባን በ2001 እ.ኤ.አ. ያፈረሰውን ትልቁን የባሚያን ቡድሃ የዙሪክ ተመራማሪዎች ከድሮ ፎቶዎች በኮምፒውተር መልሰው እንዳቆሙት አንብቧል። እሱም ከየአቅጣጫው የተነሡ የቤተሰብ ፎቶዎችን ሰብስቦ በፎቶግራሜትሪ የቤቱን ሞዴል ሠራ።

ቅርጹ አማረለት፤ ነገር ግን መጠኑም፣ ቦታውም፣ የዞረበትም አቅጣጫ አይታወቅም። ከመሬት ጋር የሚያስሩት መቆጣጠሪያ ነጥቦች ያስፈልጋሉ። ልጁም ምሥራቁ፣ ሰሜኑና ከፍታው ካልተሟላ ነጥብ አልቀበልም አለ። በፎቶዎቹ ጥግ የሚታየውን የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ዛሬ ካለበት ለክቶ አስገባ። የግቢው ሁለት ማዕዘኖች ኮኦርዲኔት በይዞታ ካርታው ላይ ተገኘ፤ ከፍታ ግን የለውም። ባዶውን ቦታ ዜሮ ብሎ ሞላው። ቤቱ በአፍጢሙ ተደፋ።

ጡረታ የወጡ አንድ ቀያሽ ይህን አይተው፣ «ልጄ፣ ፒያሳ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ አንተ ማዕዘኑን ባሕር ዳርቻ አወረድከው። አላውቅም ማለትና ዜሮ ማለት ለየቅል ናቸው፤ ባዶውን ተወው። ሐውልቱም በ2005 ዓ.ም. ለባቡሩ ተነሥቶ ኋላ የተመለሰ ስለሆነ ለድሮ ፎቶ ምስክር አይሆንህም» አሉት።

«ታዲያ ምን ቀረኝ፣ ጋሼ?»

«የጎደለህ ሰባት ነገር ነው፤ ሦስቱ ቦታው፣ ሦስቱ አዟዟሩ፣ አንዱ መጠኑ። ማዕዘኖቹ አራት ቁጥር ሰጥተውሃል። ሦስት ከፍታ ፈልግ።»

ከፍታው ቤታቸው ካልፈረሰባቸው ጎረቤት፣ ከእማማ ዘንድ ተገኘ። «የበረንዳችሁ ወለል ከእኔ ደጃፍ እኩል ነበር» አሉ። «ለድግስ ጣውላ ጥለን ጎላውን በላዩ ስናሻግር ወጡ ወዲህም ወዲያም አይልም። ዙሪያውንም እንደዚያው ነው።»

ልጁ ደጃፉን በሌቭል ለካና ያንኑ ከፍታ ለሦስት የበረንዳ ማዕዘኖች ሰጠ፤ ምሥራቅና ሰሜናቸውን ባዶ ተወው። ሦስቱ በአንድ መስመር ላይ ስላልዋሉ ቤቱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከፍርስራሹ የተረፈውን የፊት በር በሜትር ለክቶ ከሞዴሉ ጋር አስተያየው፤ ገጠመ።

የፒያሳን ታሪክ እጽፋለሁ የሚል ሰው የሚያገኛቸው ምስክሮችም እንደ እማማ ናቸው። አንዱ ወሩን እንጂ ዓመቱን አያስታውስም፤ ሌላዋ የሱቁን ባለቤት ስም ረስታ የበሩን ቀለም ታውቃለች። እኛ ግን ወይ «በቅጡ አያውቁም» ብለን እንተዋቸዋለን፣ ወይ የጎደለውን በግምት እንሞላላቸዋለን። ሁለተኛው ይብሳል፤ የተተወውን ነገ ሌላ ሰው ሊጠይቀው ይችላል፣ በግምት የተሞላው ባዶ ግን ትክክለኛውንም ይዞ ይደፋል። ሁሉን አውቃለሁ የሚለውም ቢሆን እንደዚያ ሐውልት ተነሥቶ የተመለሰ እንዳይሆን ይጣራ።

እናንተም የሰፈራችሁን ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው። የሚያውቁትን ያህል ተቀበሏቸው፤ የማያውቁትን ባዶ ተዉላቸው።